ከማዕዘኗ ሳጥን የጠፉት እጆች

በቴሌቪዥኑ ዜና ታችኛው ማዕዘን፣ እፍኝ በምታህል ሳጥን ውስጥ፣ ጥቁር ሹራብ ለብሳ እጇን የምታወናጭፈውን ሴትዮ ሁሉም ያውቃታል፤ ልብ ብሎ የሚያያት ግን የለም። ጎረቤቶቿ «ዛሬ ደግሞ ዜና አንባቢው ምን አድርጎሽ ነው እንደዚያ የተቆጣሽው?» እያሉ ይቀልዱባታል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። ሹራቡ ጥቁር የሆነው ጣቶቿ ጎልተው እንዲታዩ ነው እንጂ፣ የሰፈሩ ወሬኛ እንደሚያወራው ባል ሞቶባት አይደለም። የሚሞት ባል ከየት አምጥታ!

ቋንቋውን የተማረችው ከታላቅ ወንድሟ ጋር በመጣላት ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይሰማም። መስማት ከማይችል ወንድም ጋር የሚጣላ ሰው ወይ በእጁ መሳደብ ይማራል ወይ ይሸነፋል። እሷ ደግሞ መሸነፍ አትወድም።

ምሽት ላይ እንደሱ የማይሰሙ ወዳጆቹ ሱቁ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እሷ ሳጥኗ ውስጥ ብቅ ስትል ስፌት መኪናው ቀጥ ይላል። «እህቴ በእጇ ካላለችው አልሆነም ማለት ነው» ይላቸዋል። መርፌ በከንፈሩ ይዞ ማውራት የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው።

የምርጫ ቅስቀሳ መጣ። የሱቁ ወዳጆች ለማንም የምልክት ስም ሳያወጡ አያልፉም። አንደኛውን ተወዳዳሪ ጢም በመጠምዘዝ ጠሩት፤ ሌላውን ጉንጭ ላይ በሚሰመር ፈገግታ። ጢሞና ፈገግታው ሆኑ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የጢሞ ራስ ቀድሞ ተመልጦ ነበርና አፉ ተከተለ። መድረክ ላይ ወጥቶ መንገድ ዳር የሚቸረችሩትን ሴቶች «ዝንቦች» አላቸው። ጣቢያው ምን ይጠብቃል! ጠዋት ዝንብ፣ ቀትር ዝንብ፣ ማታ ዝንብ። ስለ ስድብ የሚተነትን ምሁር ተጋበዘ፤ ስለ ዝንብ የሚተነትን መጋበዝ ብቻ ነበር የቀረው። እሷም ስድብ ስድብ መባሉ ደግ ነው ብላ፣ ጣቷን እንደ ዝንብ ስታበር ሰነበተች።

ሱቁ ውስጥ ፍርድ ተሰጠ፦ ጢሞን የሚመርጥ ሰው ሱሪው አይሰፋለትም። ወንድሟም በሁሉም ስም መድረክ ወጥቶ ለፈገግታው ድጋፍ እንዲሰጥ ተመረጠ። ለዚያ ቀን የሚለብሰውን ሰማያዊ ኮት ይሰፋ ጀመር።

ከዚያ የፈገግታው ቅስቀሳ በቀጥታ ተላለፈ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው «ለአካል ጉዳተኞችስ ምን አስበዋል?» ብሎ ጮኸ። ፈገግታው ፈገግ አለ። «ለግማሽ ሰው ግማሽ ድምፅ ይበቃዋል!» አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ።

«የኔ እመቤት፣ እሱን ዝለዪው፤ ቀልድ ነው» አላት ዳይሬክተሩ በጆሮዋ ማዳመጫ። መልስ መስጫ የላትም፤ ለአስተርጓሚ ጆሮ እንጂ አፍ አይሰጡም። እጆቿ መለሱለት። ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ድምፅ፣ ቀስ አድርጋ፣ አንድም ሳትቀንስ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስትወጣ ዳይሬክተሩ በር ላይ ጠበቃት። «ለምን ደከምሽ? ሳጥንሽን እኮ ከስክሪኑ አንስቼው ነበር።»

ራሷን የምታይበት ስክሪን የላትም። ለግድግዳ ነበር የተናገረችው።

«ጢሞ ሲሳደብ ለምን አላነሳኸውም?»

«እሱ ተሳደበ። ይኼኛው ቀለደ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እሱን አለቆች ናቸው የሚያውቁት። እኔም እንዳንቺ አስተርጓሚ ነኝ።»

ማታ ሳጥኗ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዜና አንባቢው «ተወዳዳሪው ሕዝቡን በቀልድ አዝናኑ» ሲል ጥላ መውጣት አማራት፤ ግን ብትወጣ ሌላ አስተርጓሚ የለም፤ ሱቁ ጭራሽ ዜና አልባ ሊቀር ነው። «አዝናኑ» አለች በእጇ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ግማሽ ሰው ብሎሃል።»

«መቼ?»

«ዛሬ፣ ሁሉም የሳቀ ጊዜ። ሳጥኔን አንስተውት ነው።»

«ጠፍተሽ ነበር፤ ሽንት ቤት ሄደች ብለን ሳቅን።» መቀሱን አስቀመጠ። «ማታ ግን መጣሽ። አዝናና አልሽ፣ በዚሁ በእጅሽ።»

«ዜና አንባቢው ያለውን ነው ያልኩት!»

ጫማ ጠጋኙ ወዳጁ ጣልቃ ገባ። «የጢሞ ስድብ ስንት ጊዜ ታየ! ስድብ ቢሆን የዚህስ አንዴ አይታይም ነበር?»

«ጢሞ ሊያገባሽ ነው እንዴ፣ እታለም?» አለ ወንድሟ። ሱቁ ሙሉ በእጅ አጨበጨበ። ዝንቧን ያመኑት በእሷ ጣት ነው፤ ዛሬ የማያምኑትም ያንኑ ጣት ነው። እጄን በእጄ ማለት ይኼ ነው።

ኮቱ አለቀ። የድጋፉ ቀን ወንድሟ መድረክ ላይ ቆመ፤ ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ የለችም። እሱ በእጁ ይናገራል፣ እሷ በአፏ ታሰማለታለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮፎን ጨበጠች። አደባባዩ ጸጥ አለ። ያሰኛትን ብትል ሁሉም ይሰማታል፤ ከወንድሟ በቀር።

እጆቹ ተነሡ። «እንደ ሙሉ ሰው ስላዩን እናመሰግናለን» አለ።

ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀችው። ዞር ብሎ ከንፈሯን አየ፤ እስክትጨርስ እየጠበቃት ነው። ቃሉን ብትቀይርበት ግማሽ ሰው የምታደርገው ራሷ ልትሆን ነው።

«እንደ ሙሉ ሰው ስላዩን» አለች፣ «እናመሰግናለን።»

ፈገግታው ወንድሟን አቀፈው። ሰማያዊውን ኮት ደባብሶ ለካሜራው ዞር አለ።

ማታ ሱቁ ውስጥ ስፌት መኪናው ቆመ። ወንድሟ ስክሪኑን ሞልቶ ታየ። ከሥሩ፣ በማዕዘኗ ሳጥን ውስጥ፣ እሷ የገዛ ድምፅዋን እየሰማች በእጇ ትመልሰዋለች፦ እናመሰግናለን። በማግስቱም ደገሙት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሳጥኗን ማንም አላነሳትም።