ሙሉ፣ ከማሽኑ ተነስታ ወደ ልጇ የሄደችው

እህቷ ከወሎ የላከችልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ሌላ ሙሉ ትሆናለች ብዬ መልሼ ደወልኩ።

እሷው ናት። ያ ረብ፣ የኛ ሙሉ አርፋለች።

ለማታውቋት፣ ሙሉ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙ ደማም ከተማ ሆስፒታል፣ አባቴ የኩላሊት እጥበት የሚታጠብበት ክፍል አስገቧት፤ አልጋቸው ጎን ለጎን። የቤት አረብኛ እንጂ የሐኪሞቹን ስለማትችል እኔ አስተረጉምላት ነበር።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት። ክንዷ ላይ ሁለት መርፌ ይሰካል። በአንዱ ደሟ ይወጣል፣ ማጣሪያው ውስጥ መርዙንና ትርፍ ውኃውን ትቶ በሌላው ይመለሳል። ስትገባ "ደሜን ላጥብና እንጫወታለን" ትለኛለች። ሲያልቅ ግን የምትጫወትበት አቅም የላትም። በዚያ የደማም ሙቀት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር የምትወጣው።

አንድ ቀን አዲስ ታማሚ መጣች፣ ኢንዶኔዥያዊት። ቱቦው በደም ሲቀላ አይታ መርፌውን ልትነቅል ታገለች። ሙሉ የራሷን ቱቦ እያሳየች፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሄዶ ይመለሳል አለቻት። ከዚያ መርፌ በሌለበት እጇ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እስኪያልቅ አልለቀቀቻትም።

ባለፈው ወር ካፊሏ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ሊያስመታላት እንደሆነ ሰማች። ቱቅባ ሰፈር ሄደሽ ተደበቂ ያሏት ነበሩ፤ ግን ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ማን ማሽን ላይ ያስተኛታል? አገር ቤት ደግሞ ከቤቷ እስከ ማሽኑ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያለሱ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ ሐኪሙን ጠይቂልኝ አለችኝ።

ነገረኝ። እኔ ትንሽ ይከብድሻል ብሏል አልኳት።

ፊቴን አየችኝ። "ዘይነባ፣ እኔ ልጅ አለችኝ። ትክክሉን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሁለት ሳምንት ከሞላ ጥሩ ነው።

ከዚያ ልጇን ስድስት ዓመት በስልክ ብቻ እንዳሳደገቻት፣ እዚህ ብትሞት ልጅቷ የምታየው ሣጥን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።

አየር ማረፊያ ያደረስናት እኔና አባቴ ነን። ከገባች በኋላ አባቴ መኪናው ውስጥ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እህቷ እንዳለችው ዘጠኝ ቀን ከልጇ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝታለች። በመጨረሻ እግሯና ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳትን መኪና ሲጠብቁ አለፈች።

ሙሉዬ፣ ያን ቀን መጀመሪያ ዋሽቼሽ ነበር፤ አፉ በይኝ። አባቴ ነገ ጠዋት የማሽን ተራው ነው፣ ገና አልሰማም። ታጥቦ ይውጣና እነግረዋለሁ። አንቺን ግን ከእንግዲህ የሚወጋሽ የለም። በሰላም እረፊ፣ እህቴ።