ከዲፈረንሻሉ የወጣው ሙዝ

እኔ ቂመኛ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ በዚያው ቀን ይወጣለታል። እኔ ግን ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል የበረደልኝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መቱ ላይ የአንድ ቡና ነጋዴ ካሚዮን እነዳ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት አሮጌ መኪና ነው። ንብረቱ የነጋዴው ቢሆንም እንደ ራሴ ነበር የማየው። ገበያ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም "ሹፌሩ" ነበር የሚለኝ። በዚያ ዘመን መቱ ላይ ሹፌር መባል ቀላል ነገር አልነበረም።

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ዲፈረንሻሉ መጮህ ጀመረ። ዲፈረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል፣ ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ጥርስ ዕቃ ነው፤ ጥርሱ ሲበላ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል። ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። ከተማው ውስጥ ጋራዥ የሚባለው አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሙያውን ጣሊያኖች ሥር ሲሠራ የለቀመ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ በሚካኤል ማኅበርም አብረን የምንጠጣ መካኒክ ነው። ያኔ ጋሼ እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስጽፍ ግን "እሱ" ይበቃዋል።

ትተኸው ሂድና ነገ ና አለኝ። በማግስቱ ስሄድ ካሚዮኑ ድምፁ ጠፍቷል። እስከ ጎሬ ነድቼ ሞከርኩት፤ ጭጭ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ! ለሰው ሁሉ አወራሁለት፤ የጎሬ ሹፌሮችን ሳይቀር መኪናችሁን እሱ ጋ ውሰዱ አልኳቸው። ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። በመኪና ድምፅ ብቻ ሕመሙን አውቃለሁ ብዬ የምኮራው ሰው፣ ዝምታውን ጤና ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ቡና ጭኜ ወደ በደሌ ስሄድ ያዮ ጫካ ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ ከሥሬ አንድ ነገር ጓ ብሎ ካሚዮኑ ቆመ። ሞተሩ ይሠራል፤ ጎማው አይዞርም። ዝናብ ጀመረ። ሸራው ቀዳዳ ስለነበረው ውሃው ቀስ እያለ ወደ ጆንያዎቹ ሲወርድ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ሲነጋ ጭቃው ላይ ተኝቼ የዲፈረንሻሉን የታች ብሎን ፈታሁ። ጥቁር ዘይት ወረደ፤ ከዘይቱ ጋር ክር ክር ያለ፣ የበሰበሰ ነገር እየተንጠለጠለ ወጣ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ አላወቅሁትም። ከጫካው ማር ቆርጠው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አዩት። በእንጨት ገፋ ገፋ አደረጉትና በኦሮምኛ "ኩን ሙዚ ዳ" አሉኝ፤ ሙዝ ነው ማለታቸው ነበር። አላመንኳቸውም። ትንሽ ቆይቶ ግን ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ጉቶ ሳትበሰብስ ወጣች።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሙዙ ከነልጣጩ ከዘይቱ ጋር ሲፈጭ ጥርሶቹ መሀል ይሞላና ጩኸቱን ያፍነዋል። ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል። ከሥር ግን ጥርሱ መበላቱን አይተውም፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ ይሰበራል። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ባዶ ጣሳ ፈልጌ ያንን ጥቁር ነገር ከነጉቶው ሞላሁበት፣ በጨርቅ አሰርኩት፣ የተረፈውን ዘይት መሬት ላይ አፈሰስኩት።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ካሚዮኑ ተጎትቶ መቱ ሲደርስ ነጋዴው እዚያው ጋራዡ በር ላይ ይጠብቀን ነበር፤ ቡናው ሻግቷል። መካኒኩ ዲፈረንሻሉን ከፈተ፣ ጣቱን ከተተ፣ ደረቅ ጣቱን ለነጋዴው አሳየው። "ይኸው፣ አንዲት ጠብታ የለውም። ያለ ዘይት ነድቶ ነው የጨረሰው" አለ።

ጣሳው ካፖርቴ ውስጥ ነበር። ላወጣው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ የነጋዴውን ፊት አየሁ። ጣሳውን ባሳየው መካኒኩ አንተው ነህ የከተትኸው ይለኛል፤ የሚታመነውም እሱ ነው። ሲወጣ ያዩት ምስክሬ ያዮ ጫካ ውስጥ ያሉት ማር ቆራጭ ሽማግሌ ናቸው። እጄን መለስኩ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ነጋዴው ቁልፉን ተቀበለኝና፣ ካሚዮኑ ከጂማ በመጣ አሮጌ ጥርስ ሲጠገን ለሌላ ሹፌር ሰጠው።

እኔን መጋዘን አስገባኝ፤ የቡና ጆንያ አፍ እሰፋ ጀመር። ካሚዮኔ መጥቶ ሲጭን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ የሚነዳው ሌላ። ገበያ ውስጥ "ሹፌሩ" የሚለኝ ጠፋ፤ ዘይት ማየት የማያውቅ ሹፌር እየተባለ ተሳቀብኝ። የሳቁብኝን ሁሉ ረስቻለሁ። እሱን ብቻ ያዝኩት።

መካኒኩ ነጋዴ አይፈራም፣ ዳኛም አይፈራም፤ ሚካኤልን ግን ይፈራል። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዳችን ቤት ጽዋው ይጠጣል። ከመጠጣቱ በፊት ቄሱ ተነሥተው ከመካከላችሁ የተቀያየመ ካለ ይናገር ይላሉ። አንድ ሰው ቂም አለኝ ካለ ነገሩ እስኪያልቅ ዳቦው አይቆረስም፣ ጽዋው አይቀመስም። ጽዋ ፊት መዋሸት ደግሞ ለእሱ ከሞት የከፋ ነበር።

የእሱ ተራ መስከረም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ቄሱ ጠየቁ፤ ዝም አልኩና ጠጣሁ። ግንቦት ዝም አልኩ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። አጠገቤ ተቀምጦ ጽዋውን ከእጄ ሲቀበል በፈገግታ አቀብለው ነበር። አንድ ጊዜማ እንዴት ነው መጋዘኑ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተመስገን አልኩት።

የመስከረም ሚካኤል ለት ቤቱ ሄድን። አዲስ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሚስቱ የጋገረችው ድፎ ዳቦ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ሳይጠራ የቀረ ጎረቤት የለም። ነጋዴውም ማኅበርተኛ ስለሆነ ቄሱ አጠገብ ተቀምጧል። ባለ ተራው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቄሱ ጠየቁ።

"እኔ ቂም አለኝ" አልኩ።

ከአቡጀዲ ከረጢቴ ጣሳውን አውጥቼ ዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩና ጨርቁን ፈታሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ጉቶዋን በሁለት ጣቴ አንሥቼ አሳየሁት።

"ጋሼ፣ ጽዋውን እንደያዙ ይንገሩን። ይኼን ዲፈረንሻሉ ውስጥ ማን ከተተው?"

ያን ጊዜ የቀለለኝን ያህል በሕይወቴ ቀልሎኝ አያውቅም። ቄሱ አልተቀመጡም። ሚስቱ ቢላዋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የልጆቹ ዓይን ዳቦው ላይ ነበር፤ እኔ ግን ጽዋውን ነበር የማየው፤ ጽዋው ዘንበል ብሎ ጠላው ወደ እጅጌው ይፈስ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "መለዋወጫ ጥርስ አልነበረኝም። አልችልም ብል መኪናውን ጂማ ሊወስዱብኝ ሆነ።"

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ሳያየኝ፣ ነገ መጥተህ ቁልፉን ውሰድ አለኝ። መካኒኩ ግቢ ወጥቶ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ በሚስቱና በጎረቤቱ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አንሣው እስክባል ቆየሁ፤ ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ አልቸኮልኩም።

ከዚያ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ ይህን ቂም ስንት ወር ያዝኸው?"

"አምስት ወር፣ አባቴ።"

"አምስቱንም ጽዋ ጠጥተሃል?"

"ጠጥቻለሁ።"

መካኒኩ ስለተናዘዘ በዚያው ቀን ተፈታ፤ እኔ ላይ ግን ብዙ ስግደት ታዘዘብኝ፤ ዓመት ሙሉም ከጽዋው ተከለከልኩ። ስግደቱን ሰገድኩ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ። አንዱም ስግደት አላስቆጨኝም፤ ቢጨምሩብኝም እሰግድ ነበር። ዲፈረንሻሉን ካሚዮኑ ሥር ገብቶ በአዲስ ጥርስ በነፃ ሲሠራልኝ ደግሞ ዱካ ላይ ተቀምጬ አየው ነበር፤ እያንዳንዱን ጥርስ ከመክተቱ በፊት ያሳየኝ ነበር። ሳልጠይቀው።

ዓመቱ ሲሞላ መስከረም ላይ ደግሞ እሱ ቤት ገባሁ። ቄሱ ቂምህ ወጣልህ ወይ አሉኝ። ወጥቶልኛል አልኩና ጽዋውን ከእሱ እጅ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ጣሳው ግን አሁንም አልጋዬ ሥር አለ።