ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ያነበብኩበት አልጋ

መጀመሪያ የጠፋኝ ጫማዬ ነው። ከመስጊድ ወጥቼ በመርሳ ገበያ በኩል ወደ ቤት ስሄድ አንዲት ማንጎ ሻጭ ከኋላዬ «መምህር! ኧረ መምህር፣ ጫማዎት!» ብላ ጮኸች። ዞር ስል የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ መንገዱ መሃል ቀርቷል። በጠጠሩና በጋለው አስፋልት ላይ በባዶ እግሬ ስራመድ ምንም አልተሰማኝም ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ሐሳብ ይዞኝ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኢድ እባላለሁ። መርሳ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ያን ጊዜ ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ አራት ዓመቴ ነበር። የበሽታው ስም አሳስቶኛል ብል ሰበብ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ስኳር ከተባለ ስኳር መተው ይበቃል አልኩ። ሻይ ቤት ገብቼ «ለእኔ መራራ» ብዬ ሳዝዝ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። ከመራራው ሻይ ጋር ግን ሁለት ዳቦ እበላለሁ። ምሳ ላይ እንጀራ ይጨመርልኛል። የሀብሩ ማንጎ ሲደርስ ደግሞ ማን ይቆጥራል! የታዘዘልኝን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚኑን፣ የምውጠው ትዝ ሲለኝ ነበር። ራሴን ግን ጠንቃቃ ሰው አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ሚስማሩ ጫማዬን በስቶ ግራ እግሬ ውስጥ መቼ እንደገባ አላውቅም። ትምህርት ቤት የተሰባበሩ ዴስኮች ሲጠገኑ ነበር፤ ከዚያ ይሆናል። ከሰዓት ሦስት ክፍለ ጊዜ በላዩ ቆሜ አስተምሬአለሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፤ ጎትቼ አወለቅኩት። ለዓስር ሶላት ውዱ ሳደርግ ባለቤቴ ዘይነባ በጆግ ውሃ ታፈስልኝ ነበር። እጇ ቆመ።

«ሰኢዶ፣ ውሃው ቀላ እኮ» አለች።

በቀን አምስት ጊዜ እግሬን አጥባለሁ። አምስት ጊዜ አጥቤ አንድም ጊዜ አላይም ነበር። ያን ዕለትም ያየችው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያ እንሂድ አለችኝ። «አላመመኝም» አልኳት። አምስት ቀን ሙሉ አላመመኝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን እግሬ አበጠና ሸተተ። ጤና ጣቢያው ወዲያው ወደ ወልድያ ላከኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲሪንቃ እስክንደርስ ታግሶ መስኮቱን ከፈተ። ዘይነባ ወደ ጉልበቷ ዝቅ ብላ ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔ መንገድ አያለሁ።

ስኳሬ ሦስት መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሞኖፊላመንት የሚባል ቀጭን ክር አወጣና ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን በነካኝ ቁጥር «አዎ» እንድል ነገረኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። ምንም የለም። ዝምታው ሲረዝምብኝ አፈርኩ። ያላጠና ተማሪ እንደሚያደርገው ገመትኩ።

«አዎ» አልኩ።

«አሁን አልነካሁዎትም» አለኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ክሩ እጁ ላይ ነበር።

ስሙ ኒውሮፓቲ ነው አለኝ፤ ስኳሩ ነርቭዎን ጎድቶታል። ኤክስሬይ ተነሳሁ። ሁለተኛው ጣቴ አጥንቱ ድረስ ተመርዟል። ኦስቲዮማይላይትስ ይሉታል። በማግስቱ ቆረጡት። የሞተውን ሥጋም ከውስጥ እግሬ ላይ ጠረጉት። መቀሱን ሰማሁት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አላመመኝም። ዘይነባ በር ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

«ቁስሉ በሁለት ወር ውስጥ መዝጋት ካልጀመረ ከጉልበት በታች ልንቆርጥ እንችላለን» አለ ሐኪሙ።

«እሺ» አልኩት። ሻይ ይጠጣሉ ወይ እንደተባለ ሰው።

ደፋር ሆኜ አልነበረም። ምንም አልነበረም ውስጤ። በዚህ በሽታ የሚደነዝዘው እግር ብቻ መስሎኝ ነበር። ዘይነባ «አብሽር፣ አላህ አለ» ስትለኝ ቃሉ ይሰማኛል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ቀናቱ መርፌ፣ ፋሻ፣ መርፌ ናቸው። ግድግዳውን አያለሁ።

ዘይነባ ከቤት ልብስ ስታመጣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እንዳለ ይዛው መጣች። ውስጡ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ነበር። ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ ገለጥኩት። ሥርዓተ ልመት የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ረጅም ጊዜ አላምጡ፣ ጣዕሙ ምን ሆነ? ይህን ሙከራ በየዓመቱ አሠራለሁ። ልጆቹ ያላምጣሉ፣ ይስቃሉ፣ «ጣፈጠ!» ይላሉ። እኔም ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር ስለለወጠው ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ዕረፍት ይደወላል፣ እኔም መራራ ሻይና ሁለት ዳቦ ፍለጋ እወጣለሁ።

ከቁርሴ ላይ ቁራሽ ዳቦ ቆረስኩና አላመጥኩ። አርባ ጊዜ ቆጠርኩ። ጣፈጠኝ።

ጣቴ ከተቆረጠ ወዲህ መጀመሪያ የተሰማኝ ስሜት ንዴት ነው። በራሴ ተናደድኩ። ሃያ ዓመት ለልጆች የነገርኩትን አንድም ቀን ለራሴ አልነገርኩትም። አስተምሬው ነበር እንጂ አንብቤው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መጽሐፍ እንደ አዲስ ማንበብ ያዝኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ደሳለኝ ሊጠይቀኝ መጣ። ደሳለኝን እወደዋለሁ፣ ትምህርቱን ግን ንቄው ነበር የኖርኩት፤ ፊሽካ መንፋት ምን ትምህርት ነው እያልኩ። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የተጻፈ ዳር ዳሩ ያለቀ መጽሐፍ አልጋዬ ላይ ጣለልኝና «የሳይንሱ ሊቅ፣ እስቲ ይህንም ሞክረው፤ ፊሽካ የለውም» አለኝ። ሽፋኑ ላይ ደረቱን የነፋ ራቁቱን የቀረ ጎረምሳ አለ። ዘይነባ አየችውና «አስተግፊሩላህ!» ብላ በጋዜጣ ለበደችው። ሳቅሁ መሰለኝ። እሷ እንደሳቅሁ ትናገራለች።

ያ መጽሐፍ የነገረኝ ነገር ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ጋር የሚገጥም ነው። የበላነው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ብዙውን ተቀብሎ የሚያቃጥለው ጡንቻ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ደግሞ ብዙ አይቀበልም። ለሐኪሙ አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየው በኋላ «ይሥሩ፣ ግራ እግርዎ ግን ክብደት አይንካው፤ ቁጭ ብለው ብቻ» አለኝ። መርሳ ከተመለስኩ በኋላ ከምግብ በኋላ ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃ የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ወደ ላይ አነሳለሁ፣ ቀኝ እግሬን ዘርግቼ እይዛለሁ። መጀመሪያ ቀን ስምንት ጊዜ አንስቼ ላቤ ወረደ። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጠርሙሶቹን ከወንበሩ ሥር እደብቅ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተውኩት።

ቀስ በቀስ ቤታችን ለእኔ ሌላ ቤት ሆነ፤ ድሮ ዝም ብዬ የማልፋቸው ነገሮች ሁሉ ይጠይቁኝ ጀመር። በስኳር መለኪያዋ ጣቴን እየወጋሁ ምሳዬን እፈትናለሁ፤ ሁለት እንጀራ በትንሽ ሽሮ ስኳሬን የሚያደርገውንና ግማሽ እንጀራ በምስርና በብዙ ጎመን የሚያደርገውን ጽፌ ሳስተያየው ልዩነቱ ለዘይነባ ሳይቀር ግልጽ ሆነላት፣ እሷም ከዚያ ወዲህ ለራሷ ሰሐን መመልከት ጀመረች። ማንጎን አልረገምኩትም፤ ቀጭን ቁራጭ ከምግብ ጋር እበላለሁ፣ ለቀናት ስለማስበው ድሮ በአንድ ጊዜ አምስት ከጨረስኩበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ጣዕሙን አውቀዋለሁ። በራፋችን ላይ ተቀምጬ ጤፍ የተሸከመ ሰው ሲያልፍ ባቱ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚላላ እመለከታለሁ፤ ይህን ሁሉ ዘመን እዚሁ መንገድ ላይ ስኖር አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ደስታ ነው ማለት ይከብደኛል፤ ግን ከወልድያው ግድግዳ የተሻለ ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሉባባ አንድ ቀን እየዘለለች ቁስሉን ታጥባለች፣ በማስመሪያ ትለካለች። አራተኛው ሳምንት ላይ ምንም አልቀነሰም። አምስተኛውም እንዲሁ። ጠርሙሶቹን አስቀመጥኩ፤ መጽሐፉን ዘጋሁ። ሦስት ቀን አላነሳሁም። ዘይነባ ጠርሙሶቹንም መጽሐፉንም አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሲስተር ሉባባ ማስመሪያውን ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠቧል» አለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ወልድያ ሄድኩ። ሐኪሙ እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው።

«ይህ እግር ይቆያል» አለ።

አሁን በሰፊ ጫማ በየቀኑ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደሳለኝ አብሮኝ ይሄዳል፣ መንገዱን ሙሉ ይለክፈኛል።

እናንተ እንደ እኔ የሆናችሁ፣ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ሕመምን የሚያሳውቀው ክፍል ነው የታመመው። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን ከታችና ከውስጥ ስደዱበት። የጣቶቻችሁን መሃል አድርቁ። መድኃኒታችሁን ሳትረሱ ውሰዱ፤ መጽሐፍ መድኃኒት አይተካም፣ እንቅስቃሴም ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም። ግን አንብቡ። በተለይ የምታውቁት የሚመስላችሁን።

ሐኪሙን፣ ሲስተር ሉባባንና ደሳለኝን አመሰግናለሁ። ዘይነባን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። የእግሬ ስሜት አልተመለሰም፤ አይመለስም ብለውኛል። ከእራት በፊት እሷ እግሬን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና መዳፏን ውስጥ እግሬ ላይ አድርጋ «ዛሬ ደህና ነው፣ አልሞቀም» ትለኛለች። እጇ አይሰማኝም። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳላይ እጇን ብቻ አያለሁ።