በእሬት የተለወሰ ጉርሻ

ባለቤቴ እሬት የምታሳድገው አናቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው። ማንያታ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር፣ አሥራ አንድ ጀሪካን ተደርድሯል። አፈሩን ከአሸዋ ጋር ትደባልቃለች፤ ውሃ እንዳያቁር ቂጡን በጋለ ሚስማር ትበሳዋለች። ከእናቲቱ ሥር ብቅ ብቅ ያሉትን ትንንሽ እሬቶች ነቅላ ጥላ ላይ ሁለት ቀን ታቆይና ለየብቻ ትተክላቸዋለች። የእኔ ድርሻ አለመንካት ነው። አንድ ጊዜ አሳዝነውኝ በየቀኑ አጠጣኋቸው፤ ሦስቱ ከሥራቸው በስብሰው ተዝለፈለፉ። ከዚያ ወዲህ የመጠጥ ውሃ ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ እንኳ፣ "ወዴት ነው?" ትለኛለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፈርተኛው በስዋሂሊ "ፉንዲ" ይለኛል። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ ጥፍሬን ግን እንደ ሕፃን እበላ ነበር።

አንድ እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ለሽምግልና ላከን። የወደዳት ልጅ ሄሉ የሚባለው ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው በጡረታ ዕድሜያቸው እዚያው የቀሩ፣ ቁመታቸውም ድምፃቸውም የሚያስፈራ ሰው ናቸው። ከአራቱ ሽማግሌዎች በዕድሜ ትንሹ እኔ ነበርኩ። ፈርቼ ከማለዳ ጀምሮ ጥፍሬን ስቆረጥም ባለቤቴ አየችኝ።

"በእነዚህ ጣቶች ነው ሽማግሌ የምትሆነው?"

ሄዳ አንድ ወፍራም ቅጠል ቆርጣ መጣች። ከቅርፊቱ ሥር የሚንጠባጠበውን ቢጫ ውሃ እያሸች ጥፍሬ ሥር ድረስ ቀባችኝ። "ሕፃን ጡት የሚጥለው በዚህ ነው። አንተም ትጥላለህ" አለች።

ሄሉ ደርሰን ተቀመጥን። እጄን ከጭኔ ሥር ደበቅኩ። ሰውየው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ልጃቸውን ፈቀዱና ምግብ ቀረበ። እጅ መታጠቢያ ሲዞር ውሃው በጀሪካን እየተገዛ የሚመጣ መሆኑን አሰብኩና፣ ጨዋ ለመምሰል የጣቴን ጫፍ ብቻ አረጠብኩ። እሬቱ ትዝም አላለኝ።

አባትየው በትልቅ እጃቸው አንድ ግዙፍ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እኔም አጸፋውን መመለስ አለብኝ። ከዶሮው ወጥ በደንብ አድርጌ ለወስኩና አጎረስኳቸው። ማኘክ ጀመሩ። ቆም አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ይድገሙኝ እንጂ ጋሼ! በሞቴ!" አልኩና ሁለተኛውን ከፊተኛው አስበልጬ አጎረስኳቸው።

እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

"አባት አይደሉ! ልጅ መዳር ቀላል ነው?" አሉ ዋናው ሽማግሌያችን አንጀታቸው ተላውሶ። ይህን ሲሰሙ የልጅቷ እናትም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ራሴ ሆዴ ባባ።

አባትየው እንደ ምንም ዋጡና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺ፣ ይህን ወጥ በምንድን ነው የሠራሽው?"

የእናትየው ለቅሶ ቀጥ አለ። ከድስቱ ቀመሱ። "ምን ሆነ? አፍህን ነው ያመመህ!"

"ያንገሸግሻል እኮ ነው የምልሽ!"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ራስህ ሥራ!" ጭልፋው ወለሉ ላይ ተወረወረ።

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ እንደማደርገው ጣቴን ወደ አፌ ወሰድኩ። ምላሴ ሲነካው ሁሉም ነገር ገባኝ።

"ጋሼ፣ ወጡ አይደለም። ጣቴ ነው።"

"ጣትህ ምን ሆነ?"

"እሬት ተቀብቷል።"

"ለምን?"

"ጥፍሬን... እንዳልበላ።"

እኔን አዩኝ። ቀጥለው ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አዩ። "ልጅህን ስጠን ብላችሁ፣ ገና ጡት ያልጣለ ሽማግሌ ይዛችሁብኝ መጣችሁ?"

መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተያያዘው። አባትየው ግን አልሳቁም፤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አከታትለው ጠጡ። ደግነቱ ቃላቸውን አላጠፉም።

በሦስተኛው ቀን ቦዳቦዳ የምንለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ደጃችን ቆመና እሳቸው ወረዱ። እኔ ወዲያው የስፌት መኪናዬ ሥር ገብቼ መርፌ ፍለጋ ያዝኩ።

"ሚስትህ የታለች?" አሉ ጫማዬን እያዩ።

ባለቤቴን ወደ ጥግ ወስደው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የእሳቸው ዝቅታ ግን እስከ ጎረቤት ይሰማል። "ልጄ፣ መሪ ላይ ተቀምጬ ስኖር ሆዴ ደርቆብኝ ነበር። በሁለት ጉርሻ ብቻ ቦይ ሆነ! ከዚያ ነገር ስጪኝ።"

"አባባ፣ ስለ ሆድዎ ሐኪም ይጠይቁ፤ ስለ ማሳደጉ እኔን ይጠይቁኝ" አለችና ከነጀሪካኑ አንዱን ሰጠቻቸው። ስለ አሸዋው፣ ስለ ጠዋት ፀሐይ፣ ስለ ውሃው ነገረቻቸው። እሳቸውም መንገድ እንደሚጠይቅ ሾፌር እያንዳንዱን ነገር ደግመው ጠየቋት። ሲመለሱ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ቦዳቦዳውን "ቀስ! ቀስ በል!" እያሉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስልካቸው አላስቀመጠንም። "ቅጠሏ ቀላ" ይላሉ፤ "ዶሮ ቀና ብላ አየቻት" ይላሉ። ባለቤቴ በትዕግሥት ትመልሳለች። የእኔን ደኅንነት አንድም ቀን አልጠየቁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ደወሉና፣ "ሁላችሁም ኑ!" ብለው ዘጉት። ሰው የሞተ መስሎን ሽማግሌዎቹም እኛም ጥቁር ለብሰን ተንጋግተን ሄድን። ሰውየው ልጃቸውን የዳሩበትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከራቫት አስረው በር ላይ ቆመዋል። ከጎናቸው እሬቷ አንድ ረጅም ቢጫ አበባ አውጥታለች።

"ተሰለፉ" አሉ፤ "ከእሷ ጋር ፎቶ እንነሳለን። ረጃጅሞቹ ከኋላ!"