የእማማ ሩቅያ ግድግዳ

ከይረዲን የኖራ ለሳኝ ልጅ መሆኑን ለማንም አይናገርም ነበር። አባቱ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሰዉን ቤት በኖራ ሲለስኑ፣ ጣታቸው በኖራ ሲቃጠል የኖሩ ሰው ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ሲገባ ግን «እኔ የሲሚንቶ ሰው ነኝ» እያለ ነው የገባው። ኖራ የሚል ቃል በፊቱ ከተነሳ አባቱ ከነቆሸሸ ልብሳቸው የመጡበት ይመስል ወሬ ይቀይራል።

ለቤት ሁሉ ስም ነበረው። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በጣውላና በቆርቆሮ የተመቱትን «ሳጥን» ይላቸዋል። ከከተማ ወጣ ሲል የሚያያቸው የአፋሮቹ የሰሌን ጎጆዎች ያስቁታል። መሀል ከተማ ያሉት ባለ ቅስት በረንዳ ነጫጭ ቤቶች ደግሞ ለእሱ «ጡረተኞች» ናቸው። የሚወደው መስታወት የለበሰውን አዲሱን ሕንፃ ነው። ለምን ቢሉት «ሞዴርን ነዋ!» ይላል። በሐምሌ ሙቀት መብራት በጠፋ ቁጥር ከዚያ ሞዴርን ውስጥ ላቡን እየጠረገ የሚወጣው ሰው የሚጠለለው በጡረተኞቹ ቅስት ሥር መሆኑን ግን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

እማማ ሩቅያ ከነዚህ ጡረተኞች በአንዱ ውስጥ፣ ካርቲየ አንድ ይኖሩ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው የሐረር ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው። ግድግዳው ከባሕር ተቆርጦ በወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ነጭ ድንጋይ የተገነባ፣ ውፍረቱ ከክንድ የሚበልጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት የባሕር ዳር ቤት፣ ሲገቡበት ሐረር ነው። ቀይ የተቀባው መደብ ከፍና ዝቅ ብሎ ተሠርቶ፣ ሰው ሁሉ በዕድሜውና በክብሩ ልክ ይቀመጥበታል።

በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 ልስኑ ሲያረጅ ከይረዲንን አስጠሩት። የአገራቸው ልጅ ነው፤ የአባቱንም ሙያ ያውቃሉ።

«በኖራ ለስንልኝ ልጄ። ሲሚንቶ እንዳታስጠጋብኝ። ይሄ ድንጋይ ይተነፍሳል፣ አላህ ይዘንለትና ባሌ ሁልጊዜ ይል ነበር።»

«እሺ እማማ፣ በኖራ ነው።»

በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ያሉ እህታቸው ስላረፉ ቁልፉን ሰጥተውት ለለቅሶ ሄዱ። ኖራ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ሳምንታት ማደር አለበት፤ ካልበሰለ ልስኑ ይፈነዳል። ከይረዲን ይህን ከአባቱ እግር ሥር ተምሮታል። ግን ዶራሌ ለአዲሱ ወደብ የለሳኞች አለቃ ይፈለግ ነበርና «በአሥር ቀን ካልመጣህ ቦታው የሌላ ነው» ተባለ። በስምንት ቀን ቤቱን በሙሉ በሲሚንቶ ለሰነው። የቀረችው የጓሮዋ ክፍል ብቻ ናት። ከላይ ስስ የኖራ ውሃ ቀባበት። ሲሚንቶ ይበልጥ ጠንካራ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። እንዲያ ካመነ በኖራ መሸፈን ለምን አስፈለገው? ይህንን ራሱን አልጠየቀም።

እማማ ሩቅያ ሲመለሱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው «እጅህን አላህ ይባርከው» ብለው መረቁት። ዓይናቸውን ማየት አቅቶት ጫማውን ሲያስር ቆየ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሁለት በጋ አልቆየም። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ወጥቶ መድረቅ ነበረበት፤ ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። ጨው ድንጋዩን ከውስጥ በላው። ልስኑ እየተገመሰ፣ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርድ ጀመር። ከይረዲን ወሬውን ሰምቶ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ፤ መስጊድ እንኳ ቀየረ።

አንድ ቀን የእማማ ሩቅያ ልጅ ባሺር ዶራሌ ድረስ መጣበት።

«ቤቱን የሚገዛ ሰው አለ፣ አፍርሶ ባለ አምስት ፎቅ ሊሠራበት። እናቴ አይሆንም ብላለች። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ያንተን ቃል ታምናለች። ይጠገናል ወይስ አርጅቷል?»

እውነቱን የሚናገርበት ሰዓት ይህ ነበር። ሠራተኞቹ እያዩት ነው። «አርጅቷል» አለ።

ከወር በኋላ እማማ ሩቅያ አስጠሩት። ሊወቅሱኝ ነው ብሎ ሲፈራ ሲቸር ሄደ። እሳቸው ግን ተነስተው ተቀበሉት፤ ከፍ ካለው መደብ አስቀመጡት።

«ከይሮ፣ የጠራሁህ አፉ እንድትለኝ ነው።»

«እኔ እርስዎን? በምን እማማ?»

«ያንን የመሰለ ሥራህን ይሄ አሮጌ ቤት አዋረደብህ። እንግዳ ሲመጣ ‹ማነው የለሰነው?› ይላል። ስምህን እንዳላስነቅፍ ዝም እላለሁ።»

ከይረዲን ፊቱ ነደደ። እንዲህ ያለ እፍረት በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። ቢሰድቡት በቻለው ነበር። ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቤቱ አላረጀም እማማ። ሲሚንቶ ነው። ዋሽቼዎታለሁ። ለባሺርም ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እማማ ሩቅያ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«የሽያጩን ውል ከፈረምኩ ሃያ ቀኔ ነው» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። «አላረጀም ነበር በለኛ! እኔ እኮ እንደኔ አርጅቷል፣ አብረን እንሂድ ብዬ ነው የፈረምኩት።»

አለቀሱ። እሱም አለቀሰ።

«ለባሺር እነግረዋለሁ። ሰፈሩን ሰብስቤ እናገራለሁ።»

«አትናገርም!» ድምፃቸው ጠነከረ። «ባሺር ቁጡ ነው። አንተም የልጆች አባት ነህ፣ በእጅህ ነው የምታሳድጋቸው። የሰው ነውር የሸፈነን አላህ የሱን ይሸፍንለታል። እኔ ሸፍኜዋለሁ። እንዳትገልጠው።»

ቤቱ የፈረሰ ቀን ሰፈሩ ወጥቶ ያይ ነበር። ከይረዲንም ላለመቅረት መጣ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ የማፍረሻው ማሽን ገና ሲነካው ተናደ። ከጓሮ ያለችው ክፍል፣ እሱ ያልነካት፣ የጥንት ለሳኞች በኖራ እንደለሰኗት የቆየችው ግን አልወድቅ አለች። ማሽኑ አንዴ መታት፤ ደገማት፤ ሾፌሩ በሱማልኛ እየተራገመ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጣባት።

«ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለ አንድ ጎረቤት። «አርጅቷል አላላችሁም እንዴ? ከይረዲን፣ አንተ ባለሙያው፣ አርጅቶ ነው አይደል?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሺር ጎን የቆሙት እማማ ሩቅያም ያዩት ነበር። ሸፍነው እንደማለት ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁለት።

«አዎ» አለ ከይረዲን። «አርጅቶ ነው።»