ጭሱ የቆመ ቀን

ከፈለኝን የማያውቅ ሰው ዲላ ውስጥ የለም ብል ውሸት ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ጭሱን ግን የማያውቅ የለም። ከዲላ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የጡብ ፋብሪካ አለች። ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ያ ጥቁር ነገር የከፈለኝ ሥራ ነው። ምድጃውን የሚያነደው እሱ ነው። ማገዶው የቡና ገለባ ነው። ቡና ፈልፋዮቹ ይጥሉታል፣ ከፈለኝ ያነደዋል፣ ጭሱን እኛ እንስበዋለን። ተካፍለን ነው የምንኖረው።

የኔ ጎሚስታ ከፋብሪካው ፊት ለፊት ናት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው ግራጫ ሸሚዝ ለብሶ ይሄዳል። ለቀለሙ አላስከፍልም።

ከፈለኝ በጭሱ ይኮራ ነበር። ጠዋት ገና እንደገባ ገለባውን በአካፋ ደጋግሞ ይሞጅርና የአየር በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። «ሙቀቱ እንዳይወጣ» ነው የሚለው። ያኔ ጭሱ እንደ ጠገበ በሬ እየተጎማለለ ይወጣል። ሰፈሩም ለምዶታል፤ ጭሱ ከዘገየ «ምነው፣ ከፌ አሞታል እንዴ?» ይባላል። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት ሲተኛ ምድጃው ጠፋ። ቆሎ ይዛ ለልቅሶ የመጣች ሴት አውቃለሁ። እሱ አለመሞቱ ሲነገራት ትንሽ ቅር አላት፤ ቆሎውን ግን ከሱ ጋር ቁጭ ብለን በላነው።

ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ቤታቸው ከምድጃው ጀርባ፣ ፋብሪካው የሰጣቸው ሁለት ክፍል ነው። ነፋሱ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጭሱ እነሱ ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም፤ እንደ ቅርብ ዘመድ። አትጠገብ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ በኋላ ማታም፣ በኋላ ስታወራም። ጤና ጣቢያ ሄደች። «ከጭስ ራቂ» አሏት።

«ጭሱ እኮ ባሌ ነው» አለቻቸው።

እነሱ ለዚህ መድኃኒት አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ እህቷ ቆንጅት ጋ ጪጩ ልትሄድ ተነሳች። አልተጣሉም። በሩ ላይ ቆማ «ጭሱ የቆመ ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትጠራኝ፣ ከጠራኸኝ እመጣለሁ፣ ከመጣሁ ደግሞ እሞታለሁ» አለችው። ከቆንጅት በረንዳ ላይ ሆኖ ላየ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። በየጊዜው በባጃጅ ሹፌር በኩል በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ትልክለታለች። ከፈለኝ ያቺን ቅቤ ለቆጮ እየቆጠበ ይበላል። የሷ ነገር እንዳያልቅበት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ጭሱን ቀና ብሎ ሲያየው ፊቱ ሌላ ሆነ። አንድ ቀን ጎሚስታዬ መጥቶ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ጭስ ሳይኖር ማንደድ ይቻላል?» አለኝ።

«በኤሌክትሪክ» አልኩት።

«ዲላ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አልኩት።

የፋብሪካው ባለቤት ነስሩ ይባላል። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ጭሱ ሲነዘንዘው ስለነበር፣ ከፈለኝም ሄዶ ሲለምነው እምቢ ማለት አልቻለም፤ ከአዋሳ ባለሙያ አስመጣ። ማርቲ ትባላለች። የዲላ ልጅ ናት፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። ትልቅ ቦት ጫማ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። የዚያን ቀን ጎማ የፈነዳበት ሰው ስላልነበረ እኔም ሄጄ ቆምኩ።

ፎጣውን ፈታችው። ውስጡ ክንድ የሚያህል ነጭ ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ እንደ ሙዳይ ክዳን ያለች ማጣሪያ፣ ጭራው ላይ ሽቦ። ሽቦው ቁጥር ከምታሳይ ትንሽ ሳጥን ጋር ይገናኛል።

«ይሄ የኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለች። «ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል። እሳቱ በልቶ የተረፈው ኦክስጅን ስንት እንደሆነ ይነግርዎታል፣ ጋሽ ከፈለኝ። ከአራት በታች ከወረደ እሳቱ አየር አጥሮታል፣ ያኔ ነው የሚያጨሰው። ከስድስት በላይ ከወጣ ደግሞ አየሩ በዝቶ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ጡቡ አይበስልም።»

«እሳት ውስጥ ይኖራል? አይቀልጥም?»

«አይቀልጥም፣ ሸክላ ነገር ነው። ግን ሸክላ ስለሆነ ድንገት ሙቀት ከነካው ይሰነጠቃል። ቀስ ተብሎ ነው የሚገባው።»

ከፈለኝ ዘንጉን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ የማውቀው ስለ ጎማ ብቻ ነው።

ማርቲ ጭስ ማውጫውን አስበስታ፣ የብረት ቱቦ አስበይዳ፣ ምሳዋን ልትበላ ከነስሩ ጋር ወጣች። እኔም ወደ ጎሚስታዬ ተመለስኩ። ከፈለኝ ከዘንጉ ጋር ብቻውን ቀረ። ከዚያ የሆነውን ያወቅነው በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማርቲ ዘንጉን በጓንት ይዛ ከጣት ስፋት ባነሰ እያስገባች፣ እየጠበቀች፣ ደግሞ እያስገባች፣ እየጠበቀች ጨረሰች። አልተሰነጠቀም። ሳጥኗ በራች። ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ምናምን አለ።

«አየር አጥሮታል፤ በሩን ይክፈቱት» አለች።

ከፈለኝ ከፈተ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

«ይጨምሩ።»

ጨመረ። ነፋሱ ምድጃው ውስጥ ሲገባ ያፏጫል። ቁጥሩ እዚያው። በነጋታውም እዚያው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሁለት ቀን አደረ። እሳቱ በረደ፣ ገለባው መንደዱን ትቶ ይትጎለጎል ጀመር፣ በጥቁሩ ጭስ ፈንታ ወፍራም ነጭ ጭስ ወጣ። ጡቡ ሲወጣ ቀለሙ እንደ ሽሮ ዱቄት ነው። ነስሩ አንዱን አንስቶ በጣቱ ቢጫነው ፈረሰ።

ከዚያ ደግሞ ሽታው። መንገዱ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎማ እያስነፋ «ማን ነው የሚድረው?» አለኝ።

«እኔን አልጠሩኝም» አልኩት።

ነስሩ ተቆጣ ማለት አይቻልም፤ ድምፁን ነው የቀነሰው። «ማርቲ፣ እቃሽ አይሠራም። አውጪውና ለላኩት መልሺላቸው። እንደ ድሯችን እናነዳለን፤ ጎረቤትም ይልመደው» አለ።

ማርቲ መፍቻዋን አነሳች። ያኔ ከፈለኝን አየሁት። ዓይኑ ወደ ጪጩ በኩል ነው። ዘንጉ ከሄደ ጭሱ ይቀጥላል፣ ጭሱ ከቀጠለ አትጠገብ እህቷ በረንዳ ላይ ታረጃለች። ከተናገረ ደግሞ እቃ ያበላሸ ሰው ሆኖ ሁለተኛ ምድጃው ደጅ ላይደርስ ይችላል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቃው ደህና ነው» አለ። «ቀብቼው ነው።»

«ምን ቀቡት?» አለች ማርቲ።

«ቅቤ።»

ማርቲ ወደ ቱቦው ጠጋ ብላ አሸተተች።

«ሸክላ ነው አላልሽም?» አለ ከፈለኝ። «ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ይገባል? ጀበና እንኳ ሳይሟሽ አይጣድም። እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። አትጠገብ የላከችልኝን ነው የቀባሁት፤ ለጋ ነው፣ የተበላሸ አይደለም።»

የመጨረሻዋን ያለው ነስሩ ርካሽ ቅቤ የተጠቀመ እንዳይመስለው ነው።

ማርቲ መፍቻዋን አስቀመጠች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ስትቆጣ ይሁን ስትስቅ አልለየሁም። «ብያለሁ» አለች። «ሸክላ ነው ብያለሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

ከዚያ ለነስሩ አስረዳችው። ቅቤው እዚያው ማጣሪያዋ ላይ ነድዶ አክስሏታል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ የደረሰችውን ትንሽ ኦክስጅን ደግሞ ከሰሉ ራሱ ይበላታል። ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው። ምድጃው ውስጥ አየር ሞልቶ፣ እሱ አፍንጫ ላይ ግን የለም።

«አፍንጫው በቅቤ ተደፍኖ ማለት ነው» አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

እንዳስገባችው ቀስ ብላ አወጣችው። ትርፍ ማጣሪያ ነበራት፣ ቀየረችው። ከሰሉን ጠረገች። ነስሩ ከፈለኝን በጎን አየውና «በል አንተው አስገባው። የምትቀባው ነገር ካለ አሁን ንገረኝ» አለ።

«የለኝም። አልቋል።»

«ማሟሸቱ እኮ ልክ ነው፣ ጋሽ ከፈለኝ» አለች ማርቲ። «ቀስ በቀስ ማሞቅ ማለት ማሟሸት ነው። ቅቤው ብቻ ይቅር።»

ከፈለኝ ጓንቱን አደረገ። እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። ከጣት ስፋት ባነሰ ይገፋል፣ ይጠብቃል፣ ጆሮውን ወደ ቱቦው አስጠግቶ ስንጥቅ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጣል። ገባ። ቁጥሩ አስራ ሦስት አለ። ማርቲ ሳቀች። «ይኸዋ፤ በሩ እኮ እንደተከፈተ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከማስገባቱ የከበደ ነበር። በሩን ትንሽ መለሰው፣ እሳቱ ነፍስ ዘራ፣ ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ አምስት ላይ ቆመ። ከፈለኝ ደስ ብሎት እንደ ድሮው አከታትሎ በአካፋ ሞጀረ። ቁጥሩ ወደ አንድ ወረደ፣ ቆየት ብሎ ጭሱ ቡልቅ አለ።

«አየኸው?» አለ፣ ለኔ ነው። «ጭሱ ሳይወጣ ነገረኝ። ቀድሞ ያሳብቃል።»

«ታዲያ ስማው» አልኩት።

«አማት ነው የሚመስለው። የጎረስኩትን ይቆጥራል።»

ግን ሰማው። ግማሽ አካፋ ይጨምራል፣ ቁጥሩን ያያል፣ በሩን በጣቱ ይነካል፣ ደግሞ ያያል። ማርቲ ለጥቂት ቀናት አብራው ቆየች። ጭሱ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ሳሳ። አንድ ጠዋት ጎሚስታዬን ስከፍት ጭስ ማውጫው ላይ ምንም የለም። ከጀርባው ያለው ተራራ ብቻ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ተሻግሬ ሳየው ከፈለኝ ለዓለም ጀርባውን ሰጥቶ ሳጥኗ ላይ አፍጥጧል። ማርቲና ነስሩም አጠገቡ ቆመዋል።

ረፋዱ ላይ ከጪጩ በኩል አንዲት ባጃጅ እየበረረች መጥታ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። አትጠገብ ናት። ጭሱ የቆመ ቀን እመጣለሁ ያለችው ራሷ ናት፤ ጭሱ ሲቆም ግን ቃሏ አልነበረም ትዝ ያላት፣ ወባው ነው። ነጠላዋን ለማንኛውም ብላ አዘቅዝቃዋለች። እየሳለች ገባች። ባሏን ከጀርባው አይታው ቆመች።

«አለህ?»

ዞረ። «አለሁ።»

«እሳቱስ?»

«አለ።»

«ጭሱስ?»

«ቆመ።»

ቀና ብላ ጭስ ማውጫውን አየችው። ከዚያ የጡብ ክምር ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፈትታ በደህናው በኩል ለበሰችው።

«ታዲያ ምነው ሰው አልላክህብኝም? በቁሜ ገደልከኝ።»

«እንዳትጠራኝ አላልሽም?»

አትጠገብ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ሳጥኗን አየች። «ይሄ ቁጥር ምንድነው?»

«የተረፈ አየር ነው።»

«ለማን የተረፈ?»

ከፈለኝ ወደ ማርቲ ዞረ። ማርቲ ይህን አላስተማረችውም ነበር። «ለሰው» አለ በመጨረሻ።

እሷም ትንፋሿን ሳብ አደረገች፤ እንደምትቀምሰው ነገር። አልሳለችም። ከዚያ «ቅቤውስ ደረሰህ? በላኸው?» አለችው።

ማርቲ ቦቷን ማየት ጀመረች። ነስሩ ስልኩ ሳይጮህ አንስቶ ሃሎ አለ።

«ተበላ» አለ ከፈለኝ።

ሻንጣዋ የዚያኑ ቀን ከጪጩ መጣ። አሁን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ሰው ነጭ እንደለበሰ ይሄዳል። ጭሱ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ዝናብ የመታው ገለባ የመጣ ቀን ትንሽ ይሞካክራል። ያኔ ከምድጃው ጀርባ አትጠገብ አንዴ ትስላለች። ከፈለኝ ቁጥሩን ቀና ብሎ አያይም። ያነሳውን አካፋ ግማሹን መልሶ ይደፋል።