የመርከቡ ወንበር ኪራይ

ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ውስጥ የምኖርበት ቤዝመንት ባለቤት አንዲት የስኮትላንድ አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ እንኳ አንቺ ልላቸው አልሆነልኝም። እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች እንኖራለን። ገና ወጣት ሳሉ፣ አውሮፕላን የሀብታም በነበረበት ዘመን፣ ቀድመዋቸው ቶሮንቶ የገቡትን ባላቸውን ተከትለው ብቻቸውን በመርከብ ነው የመጡት።

ስለዚያ መርከብ ማውራት ይወዳሉ። የሚያወሩት ግን ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ ክፍያው ነው። ትኬቱ የሚሸፍነው አልጋና ምግብ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለብቻው ይከፈላል። ከላይ፣ አየር ላይ አረፍ ለማለት ወንበር መከራየት ያስፈልጋል፤ የተከራዩም ስም ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። እግር ላይ ጣል የሚደረገው ብርድ ልብስ ሌላ ኪራይ አለው። የገላ መታጠቢያ ተራ ለሚይዝልህ ጉርሻ፣ አልጋ ለሚያነጥፍልህ ጉርሻ፣ ምግብ ለሚያቀርብልህ ጉርሻ። "ነፃ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስታወክ" ይላሉ።

እኔም እስቅ ነበር። ሳቄ የቆመው የባለቤቴን ትኬት የቆረጥኩ ዕለት ነው።

ባለቤቴን ከአገር ቤት ስፖንሰር አድርጌያት ቪዛዋ ሲመጣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሟ መብረር ትችያለሽ፣ ግን እግርሽን የምትዘረጊበት፣ እንደልብሽ የምትነሺበት ቦታ ያዢ ብሏታል። እግሯ ከወዲሁ አብጦ ነበር። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ኮምፒውተሬን ብከፍት፣ እግር መዘርጊያ ያለው ወንበር ተጨማሪ ክፍያ አለው። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ሰው አውሮፕላን ላይ ከወንበር ሌላ ምን ሊገዛ ይሳፈራል? ትኬቱና የቤት ኪራዩ ካርዴን ጠርገውታል፤ የምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ደሞዝ ደግሞ የሚገባው ከበረራዋ በኋላ ነው።

ብቻዬን ስነጫነጭ አሮጊቷ ሰምተው ሻያቸውን እንደያዙ ወደ ታች ወረዱና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"እኔ እከፍለዋለሁ" አሉ።

"ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ቴንክ ዩ" አልኩ።

እንዳደግኩት ነው ያደረግኩት። ሰው ሲሰጥህ መጀመሪያ እምቢ ትላለህ፤ ሰጪው "በሞቴ!" ይልሃል፤ ትንሽ ትግደረደርና ትቀበላለህ። እሳቸው ግን "ኦኬ" ብለው ሻያቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። እኔ በሞቴን ስጠብቅ ደረጃው ሥር ተገትሬ ቀረሁ።

ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት።

"አንዴ እምቢ ብለህ ዝም አልክ?"

"ዝም ያሉትማ እሳቸው ናቸው! እኔ ሰከንድ ታይም እስኪጠይቁኝ ዌይት እያደረግኩ ነበር።"

"ፈረንጅ ደጋግሞ ይለምነኛል ብለህ ነው? ይልቅ ተነስና ሂድ። ያንተ ይሉኝታ ለኔ እግር አይሆነውም።"

በማግስቱ በራቸውን አንኳኩቼ፣ የትናንቱ እምቢታ በኛ አገር የጨዋታው መጀመሪያ እንጂ መልስ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"እና ስንተኛው ላይ ነው እሺ የምትሉት?"

"ሦስተኛው ላይ።"

እዚያው በሩ ላይ እንደቆሙ አከታትለው ሦስቴ ጠየቁኝ። ሁለቱን እምቢ ብዬ በሦስተኛው እሺ አልኩ። ከፈሉልኝም። ዘመድ በሌለኝ ከተማ ዘመድ የሆኑኝ እሳቸው ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ የመጣች ዕለት ከአየር ማረፊያው በባቡር ይዣት ዌስተን ስንደርስ አሮጊቷ ሾርባ ሠርተው ይጠብቁን ነበር። ገና ከመቀመጣችን "ወንበሩ ተመቸሽ?" ብለው ጠየቋት።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አልተቀመጥኩበትም።"

"ምን ማለት ነው አልተቀመጥኩበትም?"

"ከኋላ፣ መሃል ላይ ተጣብቀው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። እናቴን ነው የሚያክሉት። እያየኋቸው እንዴት ልቀመጥ? ቦታ ቀየርኳቸው።"

ደሜ ፈላ። ያን ያህል ይሉኝታ ውጬ ያገኘሁት ወንበር! ቁጣው ግን አፌ ላይ ሲደርስ ፍርሃት ሆነብኝ። "ደህና ነሽ ግን? ልጁስ?"

"ደህና ነን። ግማሹን መንገድ መተላለፊያው ላይ አብረን ስንንጎራደድ ነው የመጣነው" ብላ ሆዷን ዳበሰች። እፎይ አልኩ፤ ፈጣሪዬንም አመሰገንኩ።

"ምን እያለች ነው?" አሉ አሮጊቷ።

ሸፋፍኜ ልተረጉም ስል ባለቤቴ በራሷ እንግሊዝኛ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አሮጊቷ ግን አልተቆጡም። ሴትዮዋ እንዴት እሺ እንዳሏት ብቻ ጠየቁ።

"እምቢ ብለውኝ ነበር" አለች ባለቤቴ። "ኋላ ላይ፣ እኔ መቀመጥ አልወድም፣ መቆም ነው የሚስማማኝ አልኳቸው።"

"እውነትሽን ነው?"

ባለቤቴ ሳቀች። "ኧረ የለም! እግሬ ሊፈነዳ ነበር።"

አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር ያኔ ነገሩን። መርከቡ ላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ወንበር የሚከራዩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ይህን ያዩ አንዲት ጠና ያሉ ተሳፋሪ፣ እስከ ሞንትሪያል ድረስ በየማለዳው የተከራዩትን ወንበር እየለቀቁላቸው ራሳቸው ቆመው ይውሉ ነበር።

"ያቺ ሴትዮ መቀመጥ አልወድም ብላኝ ነበር" አሉ፣ የባለቤቴን እጅ ይዘው። "እኔም አምኛት፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላት ከመርከቡ ወረድኩ።"